ለወገብ የቀለለ ለእጅ ይከብዳል
ሥራና ኑሮ በአዲሱ አገር

ባለፈው እትም ስለ ደመወዝ ወረቀት፣ በዕብራይስጥ «ትሉሽ» ስለሚባለው፣ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በ«ሽሚራ»፣ ማለትም በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ወይም ሊገቡበት ያሰቡ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግመው የሚያነሱትን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። ጥያቄው አጭር ነው። ትልቅ ሽጉጥ ይሻላል ወይስ ትንሽ? ለመያዝ የሚመቸው፣ እጅን የማያሳምመው፣ ዒላማውንም የማያስተው የትኛው ነው?

ጥያቄው ለወንዶች ብቻ አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት በርና በገበያ አዳራሽ መግቢያ ላይ ቆመው ቦርሳ የሚፈትሹ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሽጉጥ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ያለበት ቤተሰብም በሙሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። ስለዚህ ባልም ሚስትም፣ ትልልቅ ልጆችም አብረው ቢያነቡት መልካም ነው።

ሀደራና የበር ጠባቂው

በከተማችን በሀደራ በር ላይ የታጠቀ ጠባቂ ማየት የተለመደ ነው። የሂሌል ያፌ ሆስፒታል መግቢያ፣ የባቡር ጣቢያው፣ የገበያ ማዕከሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም ጠባቂ አላቸው። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጃንዋሪ 17 ቀን 2002 በሀደራ አንድ የግብዣ አዳራሽ የባት ሚጽቫ በዓል ሲከበር አንድ ታጣቂ ገብቶ ስድስት ሰዎች ገደለ። በማርች 27 ቀን 2022 ደግሞ በሄርበርት ሳሙኤል ጎዳና ሁለት ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ሁለት የድንበር ጠባቂ ፖሊሶችን ገድለዋል። ገዳዮቹን ወዲያው ያስቆሟቸው በአጠገቡ የነበሩ የታጠቁ ፖሊሶች ናቸው።

ከኦክቶበር 2023 ጦርነት ወዲህ መንግሥት የሽጉጥ ፈቃድ የሚሰጥበትን መመሪያ አላልቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ ፈቃድ አግኝተዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ሽጉጥ በግላቸው ይዘው የማያውቁ ናቸው። ሱቅ ገብተው በዓይናቸው የወደዱትን ገዝተው የወጡም አይጠፉም። በዓይን የወደዱት ደግሞ ሁልጊዜ ለእጅ የሚስማማ አይሆንም።

ጠመንጃን የሚያውቅ ሽጉጥን ያውቃል ማለት አይደለም

ከጎንደርና ከጎጃም ገጠር የመጣ ሰው መሣሪያ አይቶ የማያውቅ አይደለም። ምንሽር፣ አልቢን፣ ጓንዴ፣ ኋላም ክላሽ እየተባለ ስሙ ሲጠራ ሰምቷል፤ አንግቶ የሄደም አለ። ሽጉጥ ግን በአገራችን ከጦር መሣሪያነቱ ይልቅ የማዕረግ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የሹም፣ የመኮንን፣ የባላባት ጌጥ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ነፍሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ራሱ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነው። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ በአሳባችን ውስጥ አለ። «ሽጉጥ ከያዝሁ አይቀር ትልቅና ግርማ ያለው ይሁንልኝ» የሚል ሰው ሽጉጡን የሚመርጠው ለማዕረግ እንጂ ለሥራ አይደለም።

በጠመንጃና በሽጉጥ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ትልቅ ነው። ክላሽ አራት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሰደፉ በትከሻ ይደገፋል፤ ግራ እጅ ከፊት ይይዘዋል። ርግጫውን ትከሻና ሰውነት ይካፈሉታል። ሽጉጥ ግን ከመዳፍ ሌላ ድጋፍ የለውም። ክብደቱ፣ ርግጫው፣ የምላጩ ጥንካሬ፣ ሁሉም በእጅ አንጓና በጣቶች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በጠመንጃ ጎበዝ የነበረ ሰው በሽጉጥ ዒላማ ቢስት አይፈር። አዲስ ትምህርት ነውና እንደ አዲስ መማር አለበት።

ሦስት መጠን

ጉዳዩን ለመረዳት ከሪቮልቨር እንጀምር። ሪቮልቨር ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው። በዕብራይስጥ «ኤቅዳሕ ቱፒ» ይባላል፤ «ቶፍ» ማለት ከበሮ ነውና። ከሩሲያ የመጡት ጎረቤቶቻችን «ናጋን» የሚሉት በ1895 የወጣው ሽጉጥም ከዚሁ ወገን ነው። ዛሬ በእስራኤል በር ላይ የሚቆሙ ጠባቂዎች በብዛት የሚይዙት ሪቮልቨር አይደለም። ነገር ግን አሠራሩ ቀላልና በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ የትልቅና የትንሽ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ትምህርቱ ለሌላውም ሽጉጥ ይሠራል።

የታወቀውን የአሜሪካ ፋብሪካ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሥራ ለምሳሌ እንውሰድ።

ትንሹ በ1950 የወጣው ዓይነት ነው። አምስት ጥይት ይይዛል። አፈሙዙ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክብደቱ 550 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከቀላል ብረት የተሠራው ወንድሙ 425 ግራም ያህል ይመዝናል። በኪስ ይገባል፤ ከሸሚዝ ሥር አይታይም።

መካከለኛው በ1899 የወጣውና ለብዙ ዘመን የአሜሪካ ፖሊስ የታጠቀው ነው። ስድስት ጥይት ይይዛል። አሥር ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል።

ትልቁ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣውና ኃይለኛውን 44 ማግነም ጥይት የሚተኩሰው ነው። ይህም ስድስት ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ወደ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይደርሳል። ክሊንት ኢስትውድ በ1971 በወጣው «ደርቲ ሃሪ» በተባለው ፊልም ይዞት ስለ ታየ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ፊልሙን አይቶ የተመኘው ብዙ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በወገቡ ይዞት ሊቆም የሚወድ ግን ጥቂት ነው።

ሁለት ዓይነት ምቾት

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። «ምቾት» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንዱ የወገብ ምቾት ነው፤ ስምንት ሰዓት ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳይከብድ መያዝ። ሁለተኛው የእጅ ምቾት ነው፤ ሲተኩሱት እጅ ሳይታመም፣ አፈሙዙ ሳይዘል፣ ዒላማው ሳይሳት። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ትንሽ ሽጉጥ ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲይዙት ደስ ይላል፤ እንደ አሻንጉሊት ቀላል ነው። ሲተኩሱት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል። ያው ጥይት በአንድ ኪሎ ሽጉጥና በግማሽ ኪሎ ሽጉጥ ቢተኮስ፣ ግማሽ ኪሎው በእጥፍ ፍጥነት ወደ መዳፍ ይመጣል። ከባድ በሬ ሲገፋ ቀስ ብሎ ይነቃነቃል፤ ጥጃ ግን በአንድ ግፊ ይፈናጠራል። የሽጉጥም ነገር እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ እጀታው አጭር ስለ ሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ በአየር ላይ ትቀራለች። አፈሙዙ አጭር ስለ ሆነም ድምፁና ብልጭታው ይበረታል። አምስት ጥይት ተኩሶ እጁ የተቃጠለበት ሰው ስድስተኛውን ሲተኩስ ገና ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ዒላማ የሚሳተው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምላጩ ነው። ሪቮልቨርን መዶሻውን አስቀድሞ ሳያነሡ ለመተኮስ ጣት እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ ኃይል መሳብ ይኖርበታል። አስቡት! ግማሽ ኪሎ በሚመዝን ዕቃ ላይ አምስት ኪሎ መጎተት። ጣት ምላጩን ስትስብ ሽጉጡንም አብራ ወደ ጎን ትጎትተዋለች። አንድ ኪሎ የሚመዝነው ግን በክብደቱ ስለሚረጋ የጣት ጉተታ በቀላሉ አያናውጠውም። ረጅም አፈሙዝም ሌላ ጥቅም አለው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚራራቅ፣ ትንሽ ስሕተት ቶሎ ለዓይን ይታያል።

ስለዚህ ትልቁ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ትልቁም የራሱ ችግር አለበት። አካሉ ሲሰፋ እጀታውም ይወፍራል፤ ምላጩም ከመዳፍ ይርቃል። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ምላጩን ለመድረስ ሲል መዳፉን ወደ ጎን ያዞራል። ያን ጊዜ ርግጫው በክንዱ መስመር መሄዱ ቀርቶ አውራ ጣቱን ይመታዋል። ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝም ክንድን ያዝላል፤ የዛለ ክንድ ይንቀጠቀጣል። በወገብ ላይ ደግሞ ቀበቶውን ይጎትታል፤ ዳሌን ያሳምማል፤ ማታ ጀርባ ይይዛል። በዚህ የተነሣ ሰዎች አፎቱን ወደዚህና ወደዚያ ሲያዞሩ፣ ሽጉጡን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ወይም በመኪና ወንበር ሥር ሲያስቀምጡት ይታያል። ይህ አደጋ ነው፤ ሕግንም መጣስ ነው።

የእንግሊዝ ጦር ከዚህ ምን ተማረ?

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መኮንኖች የታጠቁት ዌብሊ የተባለ ትልቅ ሪቮልቨር ነበር። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በላይ፣ ጥይቱም ወፍራም ነው። ኃይሉን የሚጠራጠር አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጦሩ ነገሩን መረመረ። አዲስ ወታደርን በዚህ ሽጉጥ አሠልጥኖ ዒላማ እንዲመታ ማድረግ ብዙ ጊዜና ብዙ ጥይት ይፈጃል። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኤንፊልድ የተባለውን፣ 800 ግራም ያህል የሚመዝነውንና ቀጭን ጥይት የሚተኩሰውን ሪቮልቨር ተቀበለ። ኃይሉ ያንሳል፤ ነገር ግን ብዙ ልምምድ ያላደረገ ሰው እንኳ በቶሎ ይለምደዋል። እንግሊዞች ይህን አገር እስከ 1948 ሲገዙ እነዚህ ሽጉጦች በፖሊሶቻቸውና በመኮንኖቻቸው ወገብ ላይ ይታዩ ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የሳተ ትልቅ ጥይት ከመታ ትንሽ ጥይት አይበልጥም። ከዚያም ይብሳል፤ የሳተ ጥይት አይጠፋም፤ የሚያርፍበት ቦታ አለው። በትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ጠባቂ ከጀርባውና ከፊቱ የሰው ልጆች አሉ። የተኮሰው ሁሉ የት እንደሚያርፍ ኃላፊው እርሱ ነው።

ለእጃችሁ የሚሆነውን እንዴት ታውቃላችሁ?

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ሽጉጥም የሚለካው በአያያዝ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በባዶ ሽጉጥ፣ በአሠልጣኝ ፊት፣ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ብቻ አድርጉት። ይህ ቦታ በዕብራይስጥ «ሚትቫሕ» ይባላል።

1. ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሽጉጡን ያዙ። አፈሙዙ ከክንዳችሁ አጥንት ጋር በአንድ መስመር ይሁን። በዚህ ሁኔታ የጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ ያለው ሥጋ ምላጩ ላይ በደንብ ከደረሰ፣ መጠኑ ለእጃችሁ ነው። ለመድረስ መዳፋችሁን ማዞር ካለባችሁ ትልቅ ነው። ጣታችሁ አልፎ በአንጓው ከታጠፈ ደግሞ ትንሽ ነው።

2. ሦስቱ የቀሩት ጣቶች በሙሉ እጀታውን መያዝ አለባቸው። ትንሿ ጣት ከሥር ከወጣች፣ ረዘም ያለ እጀታ እንዳለው ጠይቁ። በብዙ ሪቮልቨሮች ላይ እጀታው ይቀየራል። ከእንጨት ይልቅ የጎማ እጀታ ርግጫውን ያለዝባል።

3. ምላጩን አሥር ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በአሥረኛው ላይ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ሽጉጡ አይስማማችሁም። መጠኑ መካከለኛ ሆኖ እንኳ ምላጩ የሚከብድ አለ፤ የሩሲያው ናጋን በዚህ የታወቀ ነው። ስለዚህ መጠኑን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

4. የግራ እጃችሁን ቦታ ተማሩ። ጠመንጃ የለመደ ሰው ግራ እጁን ወደ ፊት የመዘርጋት ልማድ አለው። በሪቮልቨር ይህ ክልክል ነው! በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ ሲተኮስ የጋለ ጋዝ በዚያ ወደ ጎን ይወጣል፤ ጣትንም ይጎዳል። ግራ እጅ ቀኙን እጅ ከላይ አቅፎ ይያዝ እንጂ ከከበሮው አይለፍ።

5. አፎቱንና ቀበቶውን አትናቁ። ጥሩ ወፍራም ቀበቶና ልክ የሆነ አፎት አንድ ኪሎውን ግማሽ ኪሎ ያስመስለዋል። የላላ ቀበቶ ደግሞ ግማሽ ኪሎውን ድንጋይ ያደርገዋል።

ስትተኩሱ ጆሮና ዓይን መሸፈኛ ማድረግን፣ ከልምምድ በኋላም ልጅ ከማቀፍና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብን አትርሱ። በጥይት ውስጥ ያለው እርሳስ ለሕፃናት ጎጂ ነው።

ዛሬ በር ላይ ያለው ሽጉጥ

በአሁኑ ጊዜ በእስራኤል ጠባቂዎች በብዛት የሚይዙት ጥይቱ በእጀታው ውስጥ ባለ ካርታ የሚገባ ሽጉጥ ነው። ካርታው በዕብራይስጥ «ማህሳኒት» ይባላል። የኦስትሪያው ግሎክና እዚሁ አገር የተሠራው ጄሪኮ ይታወቃሉ። በነዚህም ትልቅና ትንሽ አለ። ግሎክ 17 ትልቁ ሲሆን 17 ጥይት ይይዛል። ግሎክ 19 መካከለኛው፣ 15 ይይዛል። ግሎክ 26 ትንሹ፣ 10 ይይዛል። ከላይ የተናገርነው ሁሉ ለነዚህም ይሠራል። ትንሹ ለወገብ ይመቻል፤ እጅ ግን የሚይዘው ያጣል። ጄሪኮ በሙሉ ከብረት ሲሠራ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ ሲተኮስ ግን የተረጋጋ ነው።

አንድ ልዩነት ግን በደንብ መታወቅ አለበት። በዚህ አገር የተለመደው አያያዝ ካርታው በውስጥ ሆኖ አፈሙዙ ባዶ እንዲሆን ነው። ለመተኮስ መጀመሪያ ላዩን ወደ ኋላ ስቦ ጥይት ማስገባት ያስፈልጋል። ሪቮልቨር እንዲህ አይደለም። ከበሮው ከተሞላ ምላጩን መሳብ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ሲይዝ «ያው ነው» ብሎ እንዳይታለል። ቤቱ የቆየ ሪቮልቨር ያለው ሰውም ይህን ለቤተሰቡ ያስረዳ።

ዝም አትበሉ

አሁን ደግሞ የኛን ጠባይ እንመልከት። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። አሠልጣኙ ሽጉጥ ሲሰጠን፣ ለእጃችን ቢሰፋም ቢጠብም ዝም ብለን እንቀበላለን። «ሲያሳምመኝ ምን ይለኛል? ፈሪ ነው ይለኛል፤ ቋንቋም አልችልም» እንላለን። ከዚያ በፈተናው ቀን ዒላማው ይሳታል። ፈተናውን የወደቀ ሰው ደግሞ የታጠቀ ጠባቂ ሆኖ መሥራት አይችልም። ለቤት ኪራይና ለልጆች የታሰበው እንጀራ እጅና እጀታ ባለመስማማታቸው ብቻ ይቀራል። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው።

የጥበቃ ድርጅት ሽጉጥ ሲሰጥ ሁልጊዜ ማማረጥ ላይቻል ይችላል። ነገር ግን መጠየቅ ነውር አይደለም። አሠልጣኝም የሚያከብረው የሚጠይቀውን ሰው ነው። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ፤

«ዜ ጋዶል ሊ ሚዳይ ባያድ» — ለእጄ በጣም ትልቅ ነው።
«ዜ ካታን ሊ ሚዳይ» — በጣም ትንሽ ነው ለእኔ።
«ኮኤቬት ሊ ሀያድ» — እጄን ያመኛል።
«ሎ ሄቫንቲ» — አልገባኝም።
«ታርኤ ሊ ሹቭ፣ ቤቫካሻ» — እባክህ ደግመህ አሳየኝ። ለሴት አሠልጣኝ ሲሆን «ታርኢ ሊ» ይባላል።

እነዚህንም ቃላት ዕወቁ፤ «ኤቅዳሕ» ሽጉጥ፣ «ካኔ» አፈሙዝ፣ «ሄዴክ» ምላጭ፣ «ካዱር» ጥይት፣ «ናርቲክ» አፎት፣ «ሪሻዮን» ፈቃድ፣ «ካሴፌት» የብረት ካዝና።

የግል ፈቃድ ለማውጣት የምታስቡ ሰዎች ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሕጉ ያወጣቸው ሁኔታዎች አሉ፤ በአገሩ የቆዩበት ዘመን፣ ዕድሜ፣ የሐኪም ማረጋገጫ፣ መጠነኛ ዕብራይስጥ ማወቅና ሥልጠና ይጠየቃሉ። መመሪያው ስለሚለዋወጥ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የግል ፈቃድ በተለመደው አሠራር ለአንድ ሽጉጥ ነው። ዛሬ በዓይን ወድዳችሁ የገዛችሁት ለብዙ ዓመት ከእናንተ ጋር ይኖራል። ስለዚህ ሳትሞክሩ አትግዙ። ወንድም ወይም ጓደኛ «እኔን ተመችቶኛል» ስላለም አትግዙ። የእርሱ እጅ የእናንተ እጅ አይደለም።

ማታ የት ያድራል?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወገብና ስለ እጅ ነው። ሦስተኛው ቦታ ግን ቤት ነው።

በዚህ አገር ጠባቂዎች የድርጅታቸውን ሽጉጥ ከሥራ በኋላ ወደ ቤት ይዘው ሲሄዱ፣ በቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ ሚስቶችና የቤተሰብ ሰዎች በዚያው ሽጉጥ የተገደሉበት ጊዜ ነበር። በ2010 የሴቶች ድርጅቶች ተባብረው «ሽጉጥ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ» በሚል ስም ዘመቻ ጀመሩ። በ2013 የጠባቂዎች ሽጉጥ ከሥራ በኋላ በሥራ ቦታ እንዲቀር የሚለው ሕግ በጥብቅ እንዲፈጸም ተደረገ። ከዚያ በኋላ ጥቃት በበዛበት ጊዜ ይህ ትእዛዝ እንደገና ላልቷል። ሕጉ ቢጠብቅም ቢላላም በቤታችን ውስጥ የምናደርገውን የምንወስን ግን እኛ ነን።

እዚህ ላይ የትልቅና የትንሽ ጉዳይ እንደገና ይመጣል። ትንሽ ሽጉጥ በቀላሉ ይረሳል፤ በትራስ ሥር፣ በኮት ኪስ፣ በእናት ቦርሳ ውስጥ ያድራል። የልጅ እጅም በቀላሉ ይይዘዋል። የምላጩ ጥንካሬ ልጅን ይከለክለዋል ብላችሁ አትመኑ። ልጅ በአንድ ጣት ያቃተውን በሁለት አውራ ጣት ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ራሱ ፊት ይዞራል። ትልቁም ቢሆን ከቁም ሣጥን በላይ ተሰቅሎ አይደበቅም። ልጆች አባታቸው የደበቀውን ሁሉ ያውቃሉ።

በአገር ቤት ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያድር ነበር፤ ልጁም «የአባቴ ነው» ብሎ በፍርሃት ያየው ነበር። እዚህ ግን ቤቱ ጠባብ፣ በሩ ክፍት፣ የጎረቤት ልጅ ወጭ ገቢ ነው። በእጅ ያልተያዘ ሽጉጥ ቦታው የተቆለፈ የብረት ካዝና ብቻ ነው፤ መክፈቻውንና ቁጥሩን ከባለፈቃዱ በቀር ማንም አይወቀው። በቤት ውስጥ ጠብ ካለ፣ ወይም አንዱ የቤተሰብ አባል ልቡ ከተሰበረ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ መኖር ካስጠላው፣ ሽጉጡ ከቤት ይውጣ። ባለቤቱ ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ሥራ ቦታው ወስዶ ቢያስረክበው ውርደት አይደለም፤ አዋቂነት ነው። ሚስትም ብትሆን ፍርሃት ከተሰማት ዝም አትበል። ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ወይም ለፖሊስ ትንገር።

ነገሩን ስናጠቃልለው

ለአብዛኛው ሰው፣ በተለይም ብዙ ልምምድ ለማያደርግ ጠባቂ፣ የሚሻለው መካከለኛው ነው። በክብደቱ ርግጫውን የሚችል፣ በስፋቱ ከጣት የማይርቅ፣ ቀበቶውም የሚሸከመው ይሁን። ትልቁን ለመሸከም የሚያስችል ወገብና ለመያዝ የሚበቃ መዳፍ ያለው ሰው ቢመርጠው አይከፋም። በጣም ትንሹ ግን ለጀማሪ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ትንሹ ሽጉጥ ብዙ የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። ለጀማሪዋ እኅታችን «አንቺ ሴት ነሽ፣ ትንሹ ይበቃሻል» ብሎ የሚሰጣት ሰው የሚከብደውን ለደካማ እጅ እየሰጠ መሆኑን አላወቀም። እርሷም መካከለኛውን በልኳ እጀታ ትጠይቅ።

የብዙዎቻችን ምኞት መሣሪያው ከአፎቱ ሳይወጣ ጡረታ መውጣት ነው። እንዲህ ያለው ጠባቂ ሥራውን በሚገባ የሠራ ነው።

በሚቀጥለው እትም የጥበቃ ሠራተኛ የሌሊትና የሰንበት ሰዓት ክፍያው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ እንዴት መጻፍ እንዳለበት እንመለከታለን። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ አስቀምጡ። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።